ሥራ አጥነትና የዋጋ ንረት የሚጣሉበትና የሚታረቁበት ጊዜ፦ በገዛ ኤክሴላችሁ የምታጣሩበት መመሪያ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በ2023 መገባደጃ ላይ ደወለልኝ። ቤት መግዛት ፈልጓል። የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ ግን 8 በመቶ አፋፍ ላይ ደርሷል። «ሥራ አጥ ሲበዛ የዋጋ ንረት ይወርዳል። ንረቱ ሲወርድ ወለዱም ይወርዳል። እንግዲህ ሰው ከሥራ መባረር እስኪጀምር ልጠብቅ ማለት ነው አይደል?» አለኝ።

ነገሩ ኮሌጅ የተማርነው ነው። አልፈረድኩበትም። ግን በጁን 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ነበር፤ ሥራ አጥነቱ ደግሞ 3.6። ልክ በዓመቱ፣ በጁን 2023፣ ንረቱ ወደ 3 በመቶ ወረደ። ሥራ አጥነቱስ? ያው 3.6። ማንም ሳይባረር ዋጋው ረገበ ማለት ይቻላል።

ያን ምሽት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን፣ ሁለታችንም ኤክሴል ከፍተን ቁጥሩን ፈተሽነው። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ምሽት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡትን ቁጥሮችና የተሳሳትኩበትን ጭምር አስገብቼዋለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ኮምፒውተር፣ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ፣ እና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሁለት ነገር ብቻ ምረጡ

የመጀመሪያው ፈተና ስግብግብነት ነው። ወለድ፣ ነዳጅ፣ አክሲዮን፣ ደመወዝ፣ ሁሉንም አንድ ላይ መደርደር ያምራል። አታድርጉት። ሁለት ዓምድ ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ፤ እኛ የሥራ አጥነት መጠንንና የዋጋ ንረትን ይዘናል። ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ወረቀት ላይ ጻፉት፦ «እነዚህ ሁለቱ አብረው የሚሄዱት መቼ ነው? የሚለያዩትስ መቼ?» ጥያቄው «ግንኙነት አላቸው ወይ?» ከሆነ መልሱ ያታልላችኋል። እንዴት እንደሚያታልል ደረጃ 3 ላይ ታያላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን አውርዱና አስተካክሉ

የሴንት ሉዊስ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ (ፌደራል ሪዘርቭ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ነው) ፍሬድ (FRED) የሚባል የመረጃ ቋት አለው። ነፃ ነው፤ መመዝገብም አያስፈልግም። ከዚያ ሦስት ወርሃዊ ሰንጠረዦች አውርዱ፦ የሥራ አጥነት መጠን፣ የሸማቾች የዋጋ ኢንዴክስ (ሸማቹ የሚገዛቸው ነገሮች ዋጋ መለኪያ)፣ እና ኢኮኖሚው ድቀት ውስጥ የነበረባቸውን ወራት በ1፣ ያልነበረባቸውን በ0 የሚያሳየውን። (ድቀት የምለው ብዙዎቻችን ሪሴሽን የምንለውን ነው።) ከ1959 ጀምራችሁ ውሰዱ።

የሥራ አጥነቱ ቁጥር እንዳለ ይሠራል። የዋጋ ኢንዴክሱ ግን አይሆንም። ኢንዴክሱ ባለፉት 60 ዓመታት ወደ ላይ ብቻ ነው የወጣው ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ የሚያድጉ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ ዘመዳሞች ይመስላሉ። የልጃችሁ ቁመትና የጤፍ ዋጋ ባለፉት አሥር ዓመታት አብረው አድገዋል። ጤፉ ግን ልጁን አላስረዘመውም።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ወር ኢንዴክስ ባለፈው ዓመት ለተመሳሳዩ ወር አካፍሉት፣ 1 ቀንሱ፣ በ100 አባዙት። ያ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ነው። ፍሬድ ራሱ ይህን አስልቶ እንዲሰጣችሁ ማዘዝም ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራቱን እመርጣለሁ። ዕቃችሁን ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ከስሌት በፊት ሥዕሉን እዩ

አግድም መስመሩ ላይ ሥራ አጥነትን፣ ቋሚው ላይ ንረትን አድርጋችሁ ነጥብ በነጥብ የሆነ ግራፍ አውጡ። መጀመሪያ በዓመት አማካይ ብትሠሩት ይቀላል። ጥቂቶቹን እነሆ፤ የፊተኛው ሥራ አጥነት፣ የኋለኛው ንረት ነው፣ በመቶኛ።

1961፦ 6.7 እና 1.0
1969፦ 3.5 እና 5.5
1975፦ 8.5 እና 9.1
1982፦ 9.7 እና 6.2
2009፦ 9.3 እና −0.4
2019፦ 3.7 እና 1.8
2022፦ 3.6 እና 8.0

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ብቻ ብታዩ የአክስቴ ልጅ ልክ ነው። በ1960ዎቹ ሥራ አጥነት ወረደ፣ ዋጋ ወጣ። ኒውዚላንዳዊው ኢኮኖሚስት ፊሊፕስም በ1958 የእንግሊዝን ከ1861 እስከ 1957 ያለ መረጃ ይዞ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እሱ የለካው የደመወዝን ዕድገት ነበር። ከዚያ 1975 ይመጣል። ሁለቱም አብረው ከፍ ብለዋል። በ2009 ደግሞ ሥራ አጥነቱ ከ1975ቱ ይበልጣል፣ ዋጋ ግን ከነጭራሹ ቀንሷል።

አሁን 1969ን፣ 2019ንና 2022ን ብቻ ለዩ። ሥራ አጥነቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ 3.5፣ 3.7፣ 3.6። ንረቱ ግን 5.5፣ 1.8፣ 8.0። «ሥራ አጥነት 3.6 ነው» የሚል ዜና ሰምቶ ስለ ዋጋ መተንበይ የማይቻለው ለዚህ ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነበር። ድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው ሥዕሉን ሳላይ የ60 ዓመቱን ቁጥር በሙሉ አንድ ላይ አስልቼ ደካማ ተዛምዶ (ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚንቀሳቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) አገኘሁ። ለጓደኛዬም «ሁለቱ ግንኙነት የላቸውም» ብዬ በልበ ሙሉነት ነገርኩት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጠንካራ ግንኙነቶች ነበሩ፤ በየዘመኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ እርስ በርስ ተጣፍተው ነው። ሁለት ሰዎች ገመድ በእኩል ኃይል ሲጎትቱ ገመዱ አይንቀሳቀስም። የሚጎትት የለም ማለት ግን አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አድርጉ፦ ነጥቦቹን በጊዜ ቅደም ተከተል በመስመር አያይዟቸው። ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ቀለበት ቀለበት የሚመስል ነገር ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ይዞራል። ምክንያቱ ዋጋ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። በዕድገት ጊዜ መጀመሪያ ሥራ አጥነቱ ይወርዳል፤ ዋጋው ቆይቶ ይከተላል። ድቀት ሲመጣ ደግሞ ሥራ አጥነቱ ይዘላል፤ ንረቱ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ይወርዳል። ስለዚህ በቀለበቱ አንድ ጎን ሁለቱ ተቃራኒ፣ በሌላው ጎን አብሮ ሂያጅ ይመስላሉ።

ደረጃ 4፦ ወቅቱን ምልክት አድርጉ

በአሜሪካ ድቀት መቼ እንደጀመረና እንዳበቃ የሚወስነው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ያወረዳችሁት የ0 እና የ1 ዓምድ የእሱን ቀኖች የሚከተል ነው። የ1 ወራትን ቀይ ቀለም ቀቧቸው።

ወዲያው አንድ ችግር ይታያችኋል። ቀዩ በጣም ትንሽ ነው። ከ1983 ወዲህ እስከ 2024 ያሉት ድቀቶች አራት ብቻ ናቸው። የ1990–91ዱ 8 ወር፣ የ2001ዱ 8 ወር፣ የ2007–09ኙ 18 ወር፣ የ2020ው 2 ወር። ቢደመር 36 ወር። በ40 ዓመት ውስጥ የሦስት ዓመት መረጃ ነው ያላችሁ። «በድቀት ጊዜ ተዛምዶው ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ስንት ወር ይዞ እንደሆነ ጠይቁት።

ለዚህ ነው እኔ ድቀት እና ዕድገት ብዬ ለሁለት ብቻ የማልከፍለው። ለአራት እከፍላለሁ። ድቀቱ ራሱ አንድ። ድቀቱ ካበቃ በኋላ ሥራ አጥነቱ ገና እየጨመረ ያለበት ጊዜ ሁለት። ሥራ አጥነቱ እየወረደ ያለበት ረጅሙ ጊዜ ሦስት። ሥራ አጥነቱ ከወለሉ ተነስቶ ቀስ ብሎ መውጣት የጀመረበት፣ ድቀት ግን ያልታወጀበት፣ አራት።

ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። የ2001 ድቀት በኖቬምበር 2001 አበቃ። ሥራ አጥነቱ ግን መውጣቱን ቀጥሎ ጫፉን የነካው በጁን 2003 ነው፤ 6.3 በመቶ። ምርት ከዓመት ተኩል በላይ እያደገ፣ ሰው ግን አሁንም ሥራ እያጣ ነበር። የ2009ኙም እንዲሁ ነው። ድቀቱ በጁን አበቃ፤ ሥራ አጥነቱ በኦክቶበር 10 በመቶ ገባ። በእነዚህ ወራት የምርትና የሥራ ቁጥሮችን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የተለመደው ግንኙነት የተገለበጠ ይመስለዋል።

ደረጃ 5፦ የሚንሸራተት መስኮት ክፈቱ

አሁን ወደ ስሌቱ። ኤክሴልም ጉግል ሺትስም ኮሬል (CORREL) የሚባል ፎርሙላ አላቸው። ሁለት ዓምድ ስትሰጡት ከ−1 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይመልስላችኋል። ወደ 1 ሲጠጋ አብረው ይሄዳሉ፣ ወደ −1 ሲጠጋ ተቃራኒ ናቸው፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ዝምድናው የላላ ነው።

ዘዴው መላውን ዓምድ አለመስጠት ነው። የመጀመሪያዎቹን 60 ወራት ብቻ ስጡት። ውጤቱ የተጻፈበትን ሴል ጥጉን ይዛችሁ እስከ ታች ጎትቱት። ፎርሙላው ራሱ በየወሩ አንድ አንድ ረድፍ እየተንሸራተተ ሁልጊዜ የመጨረሻውን 60 ወር ያሰላል። ያንን አዲስ ዓምድ በመስመር ግራፍ አውጡት። ከዜሮ በታችና በላይ ሲመላለስ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ይህንኑ በ36 ወር ድገሙት። ሁለቱ ሥዕሎች ተመሳሳይ ታሪክ ካወሩ ደስ ይላል። ካልተስማሙ አብዛኛውን ጊዜ የ60ው መስኮት ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን ቀላቅሎ ይዟል። መስኮቱ ሲያጥር ደግሞ ወሬ ይበዛል፤ አንድ እንግዳ ወር ብቻውን ቁጥሩን ይገለብጠዋል። አፕሪል 2020ን አስቡ፤ ሥራ አጥነቱ በአንድ ወር ውስጥ ዘልሎ ከ14 በመቶ በላይ ደረሰ። ያ ወር በገባባቸው መስኮቶች በሙሉ ሌላው ቁጥር ድምፁ አይሰማም። እኔ አንዴ እንዲህ ያሉትን ወራት ጨምሬ፣ አንዴ ትቼ አስልቼ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ።

ደረጃ 6፦ አንዱን ወደኋላ ግፉት

ዋጋ ዘገምተኛ ነው ብለናል። ስለዚህ የንረቱን ዓምድ ኮፒ አድርጉና በ6 ረድፍ ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት። የዛሬው ሥራ አጥነት ከስድስት ወር በኋላው ንረት ጋር ይጋጠማል ማለት ነው። በ12 እና በ18 ወርም ሞክሩ። የቱ ላይ ተዛምዶው እንደሚጠነክር ጻፉ። ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፣ ግን አትዝለሉት። መዘግየቱ ራሱ ከዑደት ዑደት ይለያያል፤ ስለዚህ በአንዱ ያገኛችሁትን 12 ወር ለሌላው እንደ ሕግ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ ምን መታው?

ዋናው ነገር እዚህ ነው። እስካሁን ያደረግነው ግንኙነቱ መቼ እንደሚቀየር ለማየት ነው። ለምን እንደሚቀየር የሚነግረን ኢኮኖሚውን የመታው ነገር ዓይነት ነው።

ሰው ኪሱ ሲሳሳ መግዛት ያቆማል። ሱቁ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሠራተኛም ይቀንሳል። ሥራ አጥነት ወደ ላይ፣ ንረት ወደ ታች። ይህ የፍላጎት ምት ነው። ዕቃው ራሱ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ግን ሌላ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ፋብሪካው ወጪው ይጨምራል፤ ዋጋ ይጨምራል፣ ሠራተኛም ይቀንሳል። ሁለቱም ወደ ላይ። ይህ የአቅርቦት ምት ነው። በኦክቶበር 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ 12 ዶላር ተጠጋ። የ1975 ነጥባችን ሁለቱም ከፍ ያሉበት ለዚህ ነው።

ሁለቱ ምቶች በአንድ ድቀት ውስጥም ሊፈራረቁ ይችላሉ። የ2007–09ን በወር በወር ክፈቱት። በዲሴምበር 2007 ሥራ አጥነት 5.0፣ ንረት 4.1 ነበር። በጁላይ 2008 ነዳጅ በርሜሉ 147 ዶላር ነካ፤ ሥራ አጥነት 5.8፣ ንረት 5.6። አብረው ወጡ። ከዚያ በሴፕቴምበር ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ወደቀ፣ ብድር ደረቀ፣ ነዳጅ በዲሴምበር ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በጁላይ 2009 ሥራ አጥነት 9.5፣ ንረት −2.1። አሁን ተለያዩ። መላውን ድቀት በአንድ ቁጥር የገለጸ ሰው የዚህን ታሪክ ሁለቱንም ግማሽ ያጣዋል።

ስለዚህ ከኤክሴሉ ጎን አንድ ተጨማሪ ዓምድ ክፈቱና የነዳጅ ዋጋን አስገቡ። የተዛምዶው ምልክት በተገለበጠበት ወር ሁሉ ነዳጁ ምን እያደረገ እንደነበር እዩ። በ2021 እና በ2022 ነዳጅ ብቻውን አይበቃም፤ የመርከብ ጭነት፣ የመኪና ቺፕ፣ የዩክሬን ጦርነት ነበር። የ2023ን እንቆቅልሽ የሚፈታውም ይህ ነው። ንረቱን ወደ ላይ ከወሰዱት ነገሮች ብዙዎቹ የአቅርቦት ስለነበሩ፣ እነሱ ሲላሉ ንረቱ ሰው ሳይባረር ሊወርድ ቻለ።

ደረጃ 8፦ እሳቱን የሚቆጣጠረውን አትርሱ

ጎበዝ እንጀራ ጋጋሪ አስቡ። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ እንጨት ትጨምራለች፣ ሲግል ትስባለች። የምጣዱ ሙቀት አንድ ዓይነት ነው። አንድ ከሩቅ የሚያይ ሰው እንጨቱንና ሙቀቱን እየመዘገበ ቢያሰላ ተዛምዶው ዜሮ ይሆንበታል። «እንጨት ምጣድ አያግልም» ብሎ ይጽፋል።

ማዕከላዊ ባንክ ጋጋሪዋ ነው። ፖል ቮልከር በኦገስት 1979 የፌደራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ሲሆኑ ወለዱን እስከ 20 በመቶ አካባቢ አደረሱት። በማርች 1980 14.8 በመቶ የነበረው ንረት በ1982 መጨረሻ ከ4 በታች ገባ። ሥራ አጥነቱ ግን 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታት ባንኩ ንረቱን አጥብቆ ስለያዘ፣ ሥራ አጥነቱ ቢወጣም ቢወርድም ንረቱ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። የተንሸራታቹ መስኮት ቁጥር በዚያ ዘመን ደካማ ከሆነባችሁ ቸኩላችሁ «ግንኙነቱ ሞቷል» አትበሉ። ጋጋሪዋ ሥራዋን እየሠራች ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ በሌላ ጥንድ ሞክሩት

ዘዴው ገብቷችሁ እንደሆነ ለማወቅ አክሲዮንና የመንግሥት ቦንድን ውሰዱ። ከ2000 አካባቢ እስከ 2021 ባለው ጊዜ የአክሲዮን ዋጋ ሲወድቅ የቦንድ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወጣ ነበር። ብዙ የጡረታ ፈንድ የተመሠረተው በዚያ ላይ ነው። በ2022 ሁለቱም አብረው ወደቁ፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) በ19 በመቶ ገደማ፣ ሰፊው የአሜሪካ ቦንድ ገበያ በ13 በመቶ ገደማ። ለምን? ገበያውን ያስፈራው ድቀት ሲሆን ቦንድ መደበቂያ ነው። ያስፈራው ንረት ሲሆን ግን ቦንዱ ራሱ ተጎጂ ነው። ደረጃ 7ን እዚህ ስትደግሙት ራሱን ያስረዳል።

ደረጃ 10፦ ያኔ ምን ታውቁ ነበር?

ወደኋላ እያዩ ሁሉም ጎበዝ ነው። ደረጃ 4 ላይ ያየነው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ ድቀቱ በዲሴምበር 2007 መጀመሩን ያሳወቀው በዲሴምበር 2008 ነበር። ዓመት ሙሉ ዘግይቶ። እናንተ የቀባችሁት ቀይ ቀለም በወቅቱ ለማንም አልነበረም።

ፈጣን ምልክት ፍለጋ ሰዎች ወደ ሌላ ይሄዳሉ። አንዱ የ10 ዓመት ቦንድ ወለድ ከ2 ዓመቱ በታች መውረዱ ነው። ሌላው የኢኮኖሚስቷ ክላውዲያ ሳም ደንብ ነው፦ የሥራ አጥነት የሦስት ወር አማካይ ካለፉት 12 ወራት ዝቅተኛው አማካይ በ0.5 ነጥብ ሲያልፍ ድቀት ጀምሯል ይላል። ሁለቱም ጥሩ ታሪክ ነበራቸው። በጁላይ 2022 የወለዱ መስመር ተገለበጠ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ተገልብጦ ቆየ፣ ድቀት ግን አልታወጀም። የሳም ደንብም በጁላይ 2024 መረጃ ደወለ፣ ያኔም ድቀት አልታወጀም። ስለዚህ ውጤታችሁን ስትጽፉ ቀኑን ከጎኑ አስፍሩ፤ ያንን ዕለት የነበራችሁን መረጃም ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጡ። የሥራ ቁጥሮችም የምርት ቁጥሮችም ኋላ ይከለሳሉ።

ለአገር ቤት አንባቢ አንድ ነገር። ይህን ቃል በቃል በኢትዮጵያ መረጃ መድገም አይቻልም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረትን በየወሩ ያወጣል፤ ሥራ አጥነት ግን በየወሩ አይለካም። የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድም በ15 በመቶ የጀመረው በጁላይ 2024 ስለሆነ ታሪኩ ገና አጭር ነው። እኔ ብሆን የምግብ ንረትንና ምግብ ያልሆኑ ዕቃዎችን ንረት እንደ ጥንድ እወስዳለሁ፤ አንዱን ዝናብና መንገድ፣ ሌላውን የውጭ ምንዛሪ ይበልጥ ይነካዋል። ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ ለገበያ ተለቆ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን የተሻገረበትን ወር ቀይ ቀቡት፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ለየብቻ አስሉ።

የአክስቴ ልጅ ሳይገዛ ቆየ። ፌደራል ሪዘርቭ በሴፕቴምበር 2024 ወለድ መቀነስ ሲጀምር የቤት ብድሩ 6 በመቶ አካባቢ ነበር። እስከ ዲሴምበር ድረስ ባንኩ በድምሩ አንድ ሙሉ ነጥብ ቀነሰ። በጃንዋሪ 2025 ደወለልኝ፤ የቤት ብድሩ 7 በመቶ አልፏል። «ባንኩ ቀንሷል፣ ብድሩ ጨምሯል፤ ይኼስ በየትኛው ሕግ ነው?» አለኝ። ኤክሴሉን እንዲከፍትና የሥራ አጥነቱን ዓምድ አጥፍቶ፣ የቤት ብድር ይበልጥ የሚከተለውን የ10 ዓመት ቦንዱን ወለድ እንዲያስገባ ነገርኩት።